ተበላሽ፣ ግን ታይ

ዕቃ ይበላሻል። ይህን የሚክድ የለም፤ እኔም በመበላሸቱ አላማርርም። የሚያስመርረኝ፣ የተበላሸበትን ቦታ ልፈልግ ብሎ ለተነሣ ሰው በየደረጃው የሚዘጋበት በር ነው። ሞዱላር ሲንተሳይዘር ቤታችን ያለን ሰዎች የትም አገር ብንኖር ስንገናኝ ከሙዚቃው አስቀድመን የምናወራው ይህንኑ ነው። «የኔው ኦሲሌተር ደግሞ ዝም አለ።» «የኔ ፊልተር ሲሞቅ ነው የሚጮኸው።» «ለሠሪው ልኬለት ምንም የለበትም ብሎ መለሰልኝ።» ሁላችንም ደክሞናል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ሞዱላር ሲንተሳይዘር እንደ ኪቦርድ አንድ ወጥ መሣሪያ አይደለም። ድምፅ የሚያመነጨው ክፍል (ኦሲሌተሩ) ለብቻ፣ ድምፁን የሚያለዝበው (ፊልተሩ) ለብቻ፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ለብቻ ይሠራና ሞጁል የሚባሉት እነዚህ ክፍሎች አንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ታስረው በአጫጭር ኬብሎች ይገናኛሉ። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበትና ዩሮራክ የሚባለው ልክ የመጣው ከጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤ-100 የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ። የሞጁሉ ቁመት 128.5 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ የ5.08 ሚሊሜትር ብዜት፣ ፓወሩ ፖዘቲቭ 12 እና ኔጋቲቭ 12 ቮልት። ይህን ልክ የጠበቀ ማንም ሰው ሞጁል ሠርቶ መሸጥ ቻለ። በረከቱም ጣጣውም የሚነሣው ከዚህ ነው። አንድ ሣጥን ውስጥ የጀርመኑ፣ የእንግሊዙ፣ የአሜሪካው ሰው ሥራ ተደባልቆ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲታመም ግን ስለ ጠቅላላው ሣጥን የሚጠየቅ ማንም የለም። እያንዳንዱ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል።

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሣጥኔን የሰበሰብኩት ከበገና ጋር አብሮ ሊሄድ የሚችል ወፍራምና ረጅም ድምፅ ፍለጋ ነው። የበገናን ድምፅ የሚያስነዝሩት ከየጅማቱ ሥር የሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች፣ እንዚራዎቹ፣ መሆናቸውን በገና የደረደረ ሁሉ ያውቃል። ኦሲሌተርና ፊልተር በጥንቃቄ ሲገጣጠሙ ለዚያ ንዝረት የሚቀርብ ነገር ይወጣል። ይህን ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ታዲያ ጣጣው እጥፍ ነው። የምወደው ንዝረትና ከመብራቱ መስመር ሾልኮ የሚገባው የ50 ኸርዝ እምምታ ተቀላቅለው ስለሚመጡ፣ ብልሽት ሲጀምር ጆሮ ቶሎ አይለየውም። ድምፁ «ዛሬ እንዴት አማረበት» ያልኩት ቀን ግራውንዱ መላቀቅ የጀመረበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ከብልሽት ሁሉ የሚያሰለቸው የሚመጣውና የሚሄደው ነው። ጨርሶ የሞተ ሞጁል ይሻላል፤ ቢያንስ የሚለካ ነገር ይሰጣል። አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚቆመው ግን ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚለቀው ሕፃን ነው። ሣጥን ውስጥ ሆኖ ድምፁ ይቆራረጣል፤ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ስታደርገውና ቴስተር ስትነካበት ጥርት ብሎ ይዘምራል። መልሰህ ስታስረው ደግሞ ይቆማል። ሙቀቱ ይሁን፣ የብሎኑ ጭነት ይሁን፣ የጎረቤቱ ሞጁል ይሁን፣ ኬብሉ ይሁን የሚነግርህ የለም። እዚህ ቤት የሚያስፈልገው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትም መሆኑን የማያውቁ ሰዎች «በቃ አዲስ ግዛ» ይላሉ። ምክራቸው በቅንነት ቢሆንም ልብ ያደርቃል።

እሺ፣ በቀላሉ እንጀምር ብለን ከኬብል እንጀምራለን። ሞጁል ከሞጁል የምናገናኝባቸው የ3.5 ሚሊሜትር ኬብሎች ከውጭ ምንም ሳይሆኑ ከውስጥ ይበጠሳሉ። የሚበጠሱት ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ቀልጦ በድፍኑ የተለበጠበት ጫፍ ላይ ስለሆነ ከፍቶ መበየድ አይቻልም፤ አንድ ክር ሽቦ የተቋረጠበት ኬብል ተቆርጦ ይጣላል። ከኬብሉ ቀጥሎ ጃኩ አለ። ብዙ ጃኮች ውስጥ ኬብል ሳይሰካ ሲቀር ሌላ ምልክት በውስጥ የሚያሳልፍ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። እሷ አቧራ ስትይዝ ወይም ስትጎብጥ ሞጁሉ ኬብል ሲሰካበት ብቻ የሚሠራ፣ ሲነቀልበት ብቻ የሚሞት ግራ የሚያጋባ ነገር ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ዋጋው አንድ ዩሮ የማይሞላ ዕቃ ነው።

የፓወር ኬብሉን ነገር ግን ሳላማርር ማለፍ አልችልም። ከሣጥኑ የፓወር ቦርድ ወደ ሞጁሉ የሚሄደው ጠፍጣፋ ሪባን ኬብል አንዱ ጫፉ 16፣ ሌላው ጫፉ ብዙ ጊዜ 10 ቀዳዳ ነው። ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አለው፤ ቀዩ መስመር ያለው የኔጋቲቭ 12 ቮልት ወገን ነው ተብሎ ተስማምተናል። መስማማት ይህን ያህል ነው እንግዲህ። አንዱ ሠሪ ቦርዱ ላይ «ቀይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ትንሽ ጭረት ብቻ ያኖራል፣ ሌላው ምንም አይጽፍም። ብዙዎቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ የሚያስገድደውን ዙሪያውን የታጠረ መሰኪያ ትተው እርቃኑን የቆመ ፒን ይደረድራሉ። የታጠረው መሰኪያ ሲኖርም ኬብሉን የጨመቀው ሰው ጫፉን አዙሮ ከሆነ አጥሩ የሚያስገድደው ወደ ስሕተቱ ነው።

ይህ እንዲያው የመልክ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ባለ 10 ፒኑ ሲገለበጥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ 12 ቮልት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ መከላከያ ዳዮድ ያልተደረገለት ሞጁል ውስጥ ያሉት አይሲዎች (ቺፖች) ወዲያው ይቃጠላሉ። ባለ 16 ፒኑ ሲገለበጥ ደግሞ የሞጁሉ ግራውንድ ከ12 ቮልቱም ከ5 ቮልቱም ፒን ጋር ይገጥምና ሁለቱን እርስ በርስ ያገናኛቸዋል፤ ጉዳቱ ምንም ወዳላደረገው ጎረቤት ሞጁል ይሻገራል። ዳዮድ ሳንቲም ነው ዋጋው። ብዙ መቶ ዩሮ የሚሸጥ ዕቃ ላይ ይህን ሳንቲም የሚቆጥብ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ በውነት ልረዳው አልቻልኩም። የዩሮራክ ልክ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ማታ ማታ ባትሪ በጥርሳችን ነክሰን፣ ሣጥን ውስጥ አንገታችንን አስገብተን ቀዩን መስመር እንፈልጋለን።

ከዚያ ወደ ማግለል እንሄዳለን። ሣጥኑን አጥፍቶ ሁሉንም መንቀል፣ ፓወሩን ባዶውን መለካት፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየሰኩ እንደገና መለካት። አንዱ ሞጁል ውስጡ ሾርት ከሆነ የፓወሩን መስመር ይጎትተዋል፤ ፓወሩም ራሱን ለማዳን ይጠፋና ይበራል። እናም ያመመው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሁሉም አንድ ላይ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ይህ አሠራር ትክክለኛ ነው፤ አቋራጭም የለውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሞጁል በሁለት ወይም በአራት ብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎኑ አንዱ ሣጥን ላይ ኤም 3፣ ሌላው ላይ ኤም 2.5 ነው፤ ያላግባብ ከተጠመዘዘ ሞጁሉ የሚታሰርበትን ሐዲድ ጥርስ ይበላል። ማዞሪያዎቹ በጉልበት ካልተጎተቱ አይወጡም። የጃኮቹ ክብ ዳዶዎች በፒንሳ ሲያዙ ያዳልጣሉ፤ ፒንሳው ሲያዳልጥ ደግሞ የፓነሉን ቀለም ይቧጭራል። ለዚያ ዳዶ የሚሆን መፍቻ ለብቻው ይገዛል። ካቻቢቴ ብቻ ይዞ የሚደፍር ሰው ሳይጀምር ይደክማል።

ከፍተን ገባን እንበል። ቦርዱ ላይ ምን እንደሚታይ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነገር በቴስተር ብቻ ሊያደርግ ይችላል። ለምሳሌ ቲኤል 072 የሚባለው ስምንት እግር ያለው አይሲ የማይገኝበት ሞጁል ጥቂት ነው። እግር 8 ላይ ፖዘቲቭ 12፣ እግር 4 ላይ ኔጋቲቭ 12 ካለ ፓወሩ ደርሷል። ውጤት የሚወጣባቸው እግር 1 ወይም 7 ምንም ሳይገባባቸው ከፓወሩ ጫፍ ላይ ተጣብቀው ከተገኙ አይሲው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ጣት ሲነካው የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ መለኪያም አያስፈልገውም። አይሲው በየመለዋወጫ ሱቁ በርካሽ ይገኛል፤ ሥራው የአንድ ምሽት ነው።

እንዲህ ደስ ብሎህ ስትቀጥል ግን ስሙ የተፋቀ አይሲ ታገኛለህ። አልጠፋም፣ አላረጀም፤ በአሸዋ ወረቀት ሆን ተብሎ ተፍቋል። ምክንያቱ ተፎካካሪ እንዳይቀዳው ነው። እኔ ተፎካካሪ አይደለሁም። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁትን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ የትኛው እግር ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የምፈልግ ሰው ነኝ። ሊቀዳ የፈለገ ፋብሪካ ኦሲሎስኮፑም ሰዉም ጊዜውም አለው፤ በተፋቀ ስም አይቆምም። የሚቆመው የቤት ጠጋኙ ነው።

ይህ ክፉ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የአሜሪካው ኤአርፒ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው 2600 ውስጥ አንዳንዶቹን ሰርኪቶች ኢፖክሲ ሙጫ ውስጥ ደፍኖ ነው የሸጠው። የሮላንድ ጁኖ 106ን ታሪክ ደግሞ የጥገና ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ መሣሪያ ነው፤ 80017ኤ የሚባሉ ስድስት የድምፅ ቺፖቹ በሙጫ የተለበጡ ናቸው። ሙጫው ዕድሜ ሲጫነው ራሱ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምርና ድምፁን አንድ በአንድ ይገድላል። ሊጠብቀው የተቀባው ነገር ገዳዩ ሆነ ማለት ነው። ሰዎች ቺፖቹን ነቅለው አሴቶን ውስጥ እየዘፈዘፉ፣ ሙጫውን እየላጡ ስንቱን መሣሪያ ከሞት መልሰዋል። የዚያ ዘመን ፋብሪካዎች ግን አንድ በጎ ነገር ነበራቸው፤ ሰርኪቱ ከነመለኪያ ነጥቡ የተሣለበት የጥገና መጽሐፍ ያዘጋጁ ነበር። ዛሬም ያንን መጽሐፍ የያዘ ሰው የአርባ ዓመት ኪቦርድ ያስነሣል። አምና የተገዛ ሞጁል ግን ብዙ ጊዜ ዳያግራም የለውም።

አዲስ አበባ ኪቦርድ በመጠገን የሚተዳደሩ አንድ ወዳጅ አሉኝ፤ በዕድሜም በሙያም ታላቄ ናቸው። ደውዬ የአንዱን ኦሲሌተሬን ድምፅ መቆራረጥ ሳጫውታቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጄ፣ ዳያግራሙን ላክልኝ» የሚል ነበር።

«ጋሼ፣ የለውም» አልኳቸው።

«ፋብሪካውን ጠይቀው።»

«ጠየቅኩ። አንሰጥም አሉኝ።»

ትንሽ ዝም አሉና «የገዛኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እኚህ ሰው የተቃጠለ ቦርድ ላይ የጠፋ መስመር በአጉሊ መነጽር ተከትለው፣ ከሞተ ኪቦርድ ካፓሲተር ነቅለው፣ ለሠርግ የሚቸኩል ሙዚቀኛ ዕቃውን ይዞ እንዲሄድ የሚያደርጉ ናቸው። እሳቸው እንኳን ያለ ዳያግራም ከሩቅ ሊረዱኝ አልቻሉም።

የሠሪው መልስ ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱን አልክድም። «መሣሪያው በባለሙያ እንጂ በተጠቃሚ እንዲከፈት አልተሠራም፤ ይላኩልንና እናየዋለን» አሉ። ላኩላቸው ታዲያ። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ያለበትን ሞጁል መላክ ምን ማለት እንደሆነ የላከ ያውቀዋል። በአረፋ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ እነሱ ጋ ጠረጴዛ ላይ ሲሰካ ይሠራል፤ «ምርመራ ተደርጎለታል፣ ብልሽት አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ የመላኪያውም የምርመራውም ሒሳብ በእኔ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ ያው የድሮው ነው። ድምፁ የተቆራረጠበትን ቅጂ ጨምሬ ልኬ ነበር፤ ማዳመጣቸውን የሚያሳይ ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። ሠሪው እንግሊዝ አገር ሲሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 መባቻ ወዲህ በመካከል ጉምሩክ አለ። ለጥገና የወጣና የተመለሰ የራስህ ዕቃ መሆኑን በወረቀት ካላስረዳህ እንደ አዲስ ግዢ ቀረጥ ይጠየቅበታል። ለራስ ዕቃ ሁለተኛ ጊዜ መክፈል!

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ዕቃ የማስጠገን መብትን የሚመለከት መመሪያ ሲያወጣ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። ዝርዝሩን ስናይ የልብስ ማጠቢያ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ስልክና ታብሌት አለ፣ የመበየጃ መሣሪያ ሳይቀር አለ። የሙዚቃ መሣሪያ የለም። ማቀዝቀዣ እንዲጠገን መገደዱ መልካም ነው፤ የማንም ቤት ምግብ አይበላሽ። ሙዚቀኛስ እንጀራው ምንድን ነው?

ሌላ መንገድ እንደሌለ አድርገው የሚነግሩንን ደግሞ አልቀበልም። ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዢሌ ሙታብል ኢንስትሩመንትስ በሚባለው ድርጅቷ ከሠራቻቸው ሞጁሎች የአብዛኞቹን ዳያግራምና ኮድ ለማንም ክፍት አድርጋ ነው ያወጣችው። ሰዎች ቀዱት፤ አዎ፣ ብዙዎች ቀዱት። ቢሆንም የእሷ ሞጁሎች በዓለም ላይ ከተወደዱት ውስጥ ናቸው፤ ድርጅቱን ከዘጋች በኋላም የእሷ ሞጁል የተበላሸበት ሰው ዳያግራሙን ዘርግቶ፣ ብልሽቱን አግኝቶ፣ አይሲውን ቀይሮ ይተኛል። ለእኔ ይህ ለገዢ የሚሰጥ ክብር ነው። ሞጁል ሠሪዎች አብዛኞቹ አንድና ሁለት ሰው ሆነው የሚሠሩ፣ ነገ ሊደክማቸው ወይም ሊዘጉ የሚችሉ ናቸው። ሲዘጉ ዳያግራሙ አብሮ የሚቀበር ከሆነ፣ የእኛ ዕቃ ያን ቀን ሞተ ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ እያለፈበትም ቢሆን።

የእኔ ሞጁል ብልሽት በመጨረሻ ተገኘ። ያገኘሁት በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በእንጨት ዘንግ ነው፤ ሞጁሉ እየሠራ ቦርዱን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ እንጨት ቀስ እያሉ መጫን። አንዱን ጃክ ስጫን ድምፁ ጠፋ፣ ስለቀው መጣ። በአጉሊ መነጽር ሳየው የጃኩ እግር ዙሪያ ብየዳው እንደ ፀጉር በቀጠነ ክብ መስመር ተሰንጥቋል። እንግዲህ በዚህ ጃክ በየቀኑ ኬብል ሲሰካና ሲነቀል ያንን ጉልበት ሁሉ የሚሸከመው ያ ጠብታ ብየዳ ነው፤ ዳዶው ትንሽ ላልቶ ከሆነ ፓነሉ አያግዘውም። ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ያልታየውም ለዚህ ነው፤ እዚያ ሣጥን ውስጥ ታስሮ አልተጨነቀም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ብየዳ እርሳስ እንዳይኖርበት ታዟል። ለጤናና ለአፈር የወጣ ሕግ ስለሆነ አልቃወመውም። ነገር ግን አዲሱ ቅይጥ የሚቀልጠው የድሮው በሚቀልጥበት በ183 ዲግሪ ሳይሆን በ217 አካባቢ ነው፤ የደኅና ብየዳ መልኩም ደብዛዛ ስለሆነ የተሰነጠቀውን ካልተሰነጠቀው በዓይን መለየት ይከብዳል። ቢያንስ ጉልበት የሚሸከሙት እግሮች ላይ ጠገብ ያለ ብየዳ ማድረግ ምን ያህል ያስከፍል ነበር?

መበየጃውን አሞቄ አደስኩት። ድምፁ መቆራረጡን አቆመ። አሁን የቀረው ማስተካከያው ነው፣ እሱም ሌላ ጣጣ። ኦሲሌተሩ አንድ ቮልት ሲጨመርለት ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት፤ አንድ ሴሚቶን 83.3 ሚሊቮልት ነው፣ የአንድ ሚሊቮልት ስሕተት እንኳን ከአንድ ሴንት (ከሴሚቶን መቶኛ) ይበልጣል። ቦርዱ ላይ ለዚህ የተቀመጡ አራት ትሪመሮች (ትናንሽ ማስተካከያዎች) አሉ። የትኛው የታችኛውን፣ የትኛው የላይኛውን ኦክታቭ እንደሚይዝ አልተጻፈባቸውም። አንዱን ስነካ ሌላው ይዛባል፤ ሞጁሉም እስኪሞቅ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ መጠበቅ አለበት፤ ሳይሞቅ የተስተካከለው ሲሞቅ ይሸሻል። የትሪመሮቹን ቅደም ተከተል ብቻ እንዲነግሩኝ ለሠሪው እንደገና ጻፍኩ፤ «የፋብሪካ ማስተካከያ ስለሆነ ለተጠቃሚ አንሰጥም» አሉ። ማስተካከያው እስኪሳካ ድረስ ከታችኞቹ ሁለት ኦክታቮች በላይ አልወጣበትም።